«ባለሙያ ናት» ሲባል

በቋንቋችን «ሙያ» የሚባል ቃል አለ። ስለ ወንድ «ባለሙያ ነው» ሲባል ሰሚው ወዲያው «የምን ባለሙያ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐኪም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ግንበኛ፣ ወይም የሒሳብ ሰው፣ ወይም አናጺ። ስለ ሴት «ባለሙያ ናት» ሲባል ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም። የምን ባለሙያ እንደሆነች ሁሉም ያውቀዋልና! ወጧ ይጣፍጣል፣ እንጀራዋ ዓይናማ ነው፣ ዶሮዋን 12 ብልት አድርጋ አንዱንም ሳታበላሽ ታወጣለች ማለት ነው። ይህችው ሴት በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህርት ብትሆን፣ በፍርድ ቤት ዳኛ ብትሆን፣ አማቶቿ «ለመሆኑ ሙያ አላት ወይ?» ሲሉ የሚጠይቁት ስለ ዲግሪዋ አይደለም። «የላትም» ከተባለ ደግሞ ዲግሪዋ አያድናትም።

ቃሉ ሁለት ፍች ሊያገኝ የቻለው ሥራው ሁለት ስለሆነ ነው። ወንዱ አንድ ሙያ አለው፤ ይከፈልበታል፣ ዕድገት ይጠይቅበታል፣ ጡረታ ይወጣበታል። ሴቲቱ ሁለት ሙያ አላት፤ ሁለተኛው ደመወዝ የለው፣ የዓመት ዕረፍት የለው፣ የሚጀምረውም የመጀመሪያው ባበቃበት ሰዓት ነው። ይህን በመሰለ ግልጽ ነገር ላይ ግን ስንት ወረቀት ተጽፏል! በየዓመቱ ማርች 8 በመጣ ቁጥር በየአዳራሹ ኮፍያና ካናቴራ ይታደላል፤ አንድ የሥራ ኃላፊ (አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው) ንግግር ያደርጋል፤ ቀጥሎም ጥናት ይቀርባል። ጥናቱ ሴቶች በሥራ ዓለም ወደ ኋላ የቀሩት «በጎጂ ባህላዊ አመለካከት ምክንያት» መሆኑን ያስረዳል። ይጨበጨባል። ከዚያ ሻይ ቡና ይባላል፤ ሻይ ቡናውን የሚያዞሩትም ሴቶች ናቸው።

ይህ «አመለካከት» የሚሉት ቃል ያስቆጣኛል፤ ባለቤት የለውምና። ድርቅ ወይም አንበጣ ይመስል ከሰማይ ወርዶ በሴቶቻችን ላይ ያረፈ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፦ ሴትን ከሥራ ዕድገት የሚያስቀራት በየቀኑ በሰዓት የሚቆጠር ሥራ ነው። ያን ሥራ አንዱ ወገን ይሠራዋል፤ ሌላው ወገን ያርፍበታል። የሚያርፈው ወገን ለዕረፍቱ ያወጣለት ስም «ባህል» ይባላል። ተጠቃሚ ያለው ነገር ደግሞ ጠበቃ አያጣም።

ጠበቆቹ ሁልጊዜ የሚመዝዙት ሰይፍ «የአባቶቻችን ሥርዓት ነው» የሚል ነው። እስኪ ይህን የአባቶች ሥርዓት እንመርምረው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተ ሰቡ ራስ መሆኑን፣ ሚስትም ባሏ በሚያዛት ሕጋዊ ነገር ሁሉ መታዘዝ እንዳለባት ደነገገ። የባል የበላይነት ሐሳብ ከዚያ በፊትም በአገራችን የነበረ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ያንን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ፈረንሳይ ሚስት ለባሏ እንድትታዘዝ የሚያስገድደውን ድንጋጌ ከራሷ ሕግ የሰረዘችው እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር፤ እኛ ከ22 ዓመት በኋላ አዲስ ብለን በነጋሪት ጋዜጣ አተምነው። በሌላ በኩል የእውነት የአባቶች የነበረው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን መሬት እንድትወርስ ይፈቅድላት ነበር። ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባም የባሏን ስም አትወስድም፤ በተወለደችበት ስም ትማራለች፣ ትሾማለች፣ ትሞታለች። የባህል ጠበቆቻችን ስለ እነዚህ ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም። ከአባቶች ጎተራ የሚፈልጉትን ብቻ ነው የሚያወጡት።

ከዚያ ሕግ ውስጥ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን አንቀጽ 646 ነው። ባል ለሚስቱ የቤት አገልጋይ ሊያቀርብላት የማይችል ሲሆን፣ የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት ይላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ደግመህ አንብበው። ሕጉ ከጓዳ መውጫ አንድ በር ብቻ ነው ያስቀመጠው፤ በዚያ በር ሚስት ስትወጣ ሌላ ሴት ትገባለች። ባል በበሩ አያልፍም፤ ቁልፉን ብቻ ይይዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ሁሉ ሻረው፤ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜም ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገው። ለዚህ ሕግ መለወጥ ዘመቻውን በፊት አውራሪነት ካካሄዱት መካከል የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይገኝበታል። (በማኅበሩ ስም ውስጥ ያለውን «ባለሙያዎች» የሚል ቃል ልብ ይሏል! በአማርኛ «ሴት» እና «ባለሙያ» ጎን ለጎን ቆመው ወጥ ያላስታወሱን አንዱ ስፍራ ይህ ሳይሆን አይቀርም።) መንግሥት ለዚህ ውለታ የከፈለው ዋጋም አይረሳም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በሴቶች መብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሎ ማኅበሩን አሽመደመደው። አዋጁ በሌላ የተተካው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለ «አመለካከት» የሚያለቅሰው መንግሥት፣ አመለካከቱን በፍርድ ቤት የሚሞግቱለትን ሴቶች ለ10 ዓመት አፋቸውን ለጉሞ ያዘ ማለት ነው።

አንቀጹስ ተሻረ፤ አሠራሩ ግን ከወረቀት ወደ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። የሥራ ዕድገት እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ማንም ሰው ኃላፊ የሚሆነው ከ2:30 እስከ 11:30 በሠራው ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሴቶቻችን ገና ድሮ ቢሮዎቹን በሞሉት ነበር። ዕድገት የሚበስለው ከ11:30 በኋላ ነው። የማታው የማስተርስ ትምህርት የሚሰጠው ያኔ ነው። የመምሪያው ሰዎች ድራፍት ይዘው «እገሌ ቢመደብስ?» የሚባባሉት ያኔ ነው። የመስክ ሥራ ሲመጣ «ነገ ጠዋት ጅግጅጋ እንወጣለን» ሲባል እሺ ለማለት ልጅ ማን ያመጣል፣ ማን ያስተኛል የሚል ጥያቄ የሌለበት ሰው መሆን ያስፈልጋል። መስክ የወጣ ሰው አበል ብቻ አይደለም ይዞ የሚመለሰው፤ አገሩን ያውቃል፣ ከአለቃው ጋር ሦስት ቀን በአንድ መኪና ተቀምጧል፣ በቀጣዩ የዕድገት ማስታወቂያ ላይ «የመስክ ልምድ ያለው» ተብሎ ሲጻፍ ስለ እርሱ የተጻፈ ያህል ነው። ሴቲቱ በዚያ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሽንኩርት መግዛት አለመግዛቷን እያሰበች ነው። ማንም አልከለከላትም። አዋጅ የለም፣ መመሪያ የለም። በአመልካቾች ዝርዝር ውስጥ ስሟን ባለማግኘቱም ኮሚቴው በቅን ልቡና «ሴቶችን አበረታተን ነበር፤ አላመለከቱም» ብሎ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

ስታመለክት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃታል፦ «አግብተሻል? ወልደሻል? ልትወልጂ ታስቢያለሽ?» ወንዱ አቶ እገሌ ነው፤ ባለ ትዳር ይሁን ወንደላጤ ከስሙ ፊት ያለው ማዕረግ አይናገርም። እርሷ ግን ስሟ ሳይጠራ ወይዘሮ ናት ወይስ ወይዘሪት የሚለው መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ባህል መስበክ የሚወዱ ሰዎች የማይነኩትን የገንዘብ ጉዳይ ላንሣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጠ። መልካም ነው፤ ይገባታል። ለአባትየው የሰጠው ስንት ነው? ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ማለት አራስ ቤት ገንፎ ቀምሶ፣ ጎረቤት አስተናግዶ የሚያልቅ ነው። ቀድሞ በነበሩት የአሠሪና ሠራተኛ ሕጎች ውስጥ ለአባት የተለየ ፈቃድ ስላልነበረ ሦስቱም ቀን እንደ እመርታ ተቆጠረ። ከዚህ የባሰው ግን የእናትየውን ደመወዝ የሚከፍለው ራሱ አሠሪው መሆኑ ነው። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ሲዘረጋ ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለሞት ታስቦለታል፤ ለወሊድ ግን የታሰበ ነገር የለም። እንግዲህ አሥር ሠራተኛ ያለው አንድ ነጋዴ ፊቱ ሁለት አመልካቾች ሲቀርቡለት ምን እንደሚያሰላ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ሴቲቱ በሕጉ ምክንያት ውድ ሆናበታለች። ክፋት ስላለበት ላይሆን ይችላል፤ ሕጉ ትውልድ የመተካትን ወጪ ከመላው ኅብረተ ሰብ ትከሻ አውርዶ በአንድ ሱቅና በአንዲት ሴት ላይ ስለጫነው ነው። ደመወዙ ሁሉም ሠራተኛ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከሚያዋጡበት የጋራ ቋት ቢከፈል፣ አባትም ወር ሙሉ ቤት እንዲቀመጥ ቢገደድ፣ «ልትወልጂ ታስቢያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ትርጉሙን ያጣ ነበር። ይህን ለማድረግ የማንንም አመለካከት መለወጥ አያስፈልግም። አንድ አዋጅ ማሻሻል ነው።

«ግን እኮ ተለውጠናል፣ 2011ን ረሳህው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልረሳሁም። ጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ20 የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ሆኑ፤ የመከላከያ ሚኒስቴር እንኳ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴት፣ ለኢንጂነር ዓይሻ መሐመድ፣ ተሰጠ። በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዓለም አጨበጨበ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ሴት ልጅ ቴሌቪዥን ስትከፍት ዳኛም ሚኒስትርም ሴት ሆና ማየቷ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሹመት ከላይ የሚሰጥ ነው፤ የሚወሰደውም ከላይ ነው። ወይዘሮ መዓዛ በጥር 2015 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ የወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘመን በመስከረም 2017 አበቃ፤ ሁለቱንም ወንበሮች የተረከቡት ወንዶች ናቸው። የሥራ ዕድገት ግን ከታች የሚበቅል ነገር ነው፤ ጀማሪ ባለሙያ፣ ከፍተኛ ባለሙያ፣ ቡድን መሪ፣ ዳይሬክተር እያለ። መሰላሉ ከመካከል እርከኖቹ ተነቅለው ሳለ ከላይ ሁለት ሰው በገመድ ጎትቶ ማውጣት፣ ለወጡት ክብር ነው፤ ለመሰላሉ ግን ጥገና አይደለም።

ስለ ከፍተኛ ሹመት ካነሣን፣ ወደ ኋላ ሄደን ንግሥት ዘውዲቱን እናስታውሳቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ፣ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ ከእርሳቸው እንዲለዩ ተደረገ። ምክንያቱ ፖለቲካ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ስለነበሩ መኳንንቱ ባል ሆነው አጠገባቸው እንዲቀመጡ አልፈለጉም። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሲሾሙ ግን ወይዘሮ መነንን ፍታ ያላቸው አልነበረም። ንግሥቲቱ 13 ዓመት ከግማሽ ያለ ባል ነገሡ፤ ባላቸው በመጋቢት 1922 አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ እርሳቸውም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ከ100 ዓመት በላይ ያለፈው ነገር ዛሬ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ዛሬም ከፍ ያለ ቦታ ስለደረሰች ሴት የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ትዳሯስ?» የሚል ነው፤ ስለ ወንዱ ቢነሣ ግን ነውር ይሆናል። ስናወድሳትም «ወንድ ናት!» እንላለን። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጠላትን በአርበኝነት ታግለው፣ በጣሊያን አገር ታስረው፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተው፣ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሴት ሆነው ነው። ወንድ ብሎ ማወደስ፣ ሥራውን ለሌላ ባለቤት ማስረከብ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ሳነሣበት «የከተማ ቅንጦት ነው፤ የገጠሯ ሴት የምን የሥራ ዕድገት?» አለኝ። እኔ ግን ነገሩ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በገጠር ይመስለኛል። «ገበሬ» ስንል በዓይናችን የሚመጣው ወንድ ነው። የሚያርመው ማን ነው? የሚያጭደው፣ የሚወቃው፣ ዘር የሚመርጠው፣ ዶሮና ጥጃ የሚያሳድገው? ሴቲቱ ሁሉንም ስታደርግ ውላ «የገበሬ ሚስት» ትባላለች። ገበሬ የሚያሰኘው ሞፈር መጨበጥ ነው፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ ሴት በበሬ አታርስም። ይህ ደንብ የሚያስከትለውን ኪሳራ ባሏ የሞተባትን ወይም የፈታችን ሴት ጠይቁ። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍር ተደረገ፤ ታላቅ ሥራ ነበር፣ ምስጋና ይገባዋል። ደብተሩ በእጇ ነው፣ ፎቶዋም አለበት። በሬና አራሽ ወንድ ስለሌላት ግን መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከገዛ መሬቷ ምርት ግማሹ ወደ ሌላ ሰው ጎተራ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚታደለው «ለገበሬው» ነው፤ ስብሰባው የሚጠራው «ለገበሬው» ነው። አንድ ሞፈር የመጨበጥ ክልከላ ስንት ነገር እንደሚዘጋ ልብ በሉ። በየዓመቱ የምርቷን ግማሽ የሚያስከፍላትን ነገር «ወግ» ብለን ስንጠራው ዋጋውን ማን እየከፈለ እንደሆነ እንኳ አንጠይቅም።

ከዚያች ሴት ልጆች አንዷ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ፣ በዘመድ ወይም በደላላ እጅ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዳማ ትመጣለች። እዚህ ላይ ወደ ሦስተኛው ቃል እደርሳለሁ። ከተማ ውስጥ አንዲት እመቤት ሌላዋን «ሠራተኛ አለሽ?» ብላ ስትጠይቅ ስለ ማን እንደምትጠይቅ ግልጽ ነው። በአማርኛ ያለ ቅጽል፣ ያለ ማብራሪያ፣ በደፈናው «ሠራተኛ» የምትባለው ይህቺ ልጅ ናት። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የማያውቃት ሠራተኛም እርሷው ናት! አዋጅ ቁጥር 42/1985 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ሥራን ከሕጉ ውጭ አደረገና፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ሥራው ሁኔታ ደንብ ያወጣል ብሎ አለፈ። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ያንኑ ደገመ፤ ደንብ ያወጣል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ያንኑ ሠለሰ፤ ደንብ ያወጣል። ሦስተኛው ቃል ሲገባ የመጀመሪያው ቃል 26 ዓመት ሞልቶት ነበር። በመጀመሪያው አዋጅ ዘመን ሕፃን ሆና ሰው ቤት የገባች ልጅ በሦስተኛው ዘመን የልጅ እናት ሆናለች፤ ምናልባትም ልጇን ሰው ቤት አስገብታለች።

መንግሥት የቤት ሠራተኛን ጉዳይ በሕግ መምራት አያውቅም እንዳንል፣ በሚገባ ያውቃል። ይህቺው ልጅ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ሊባኖስ ስትሄድ አዋጅ አለላት። በኅዳር 2006 የሳዑዲ መንግሥት ማባረር ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ሁላችንም አልቅሰናል፤ ከዚያም በኋላ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ። ውል ይኑር፣ መድን ይኑር፣ ተጓዧ ስምንተኛ ክፍል ትጨርስ (የትምህርቱ ግዴታ በ2013 ተነሥቷል) ተባለ። ትክክል ነው። ታዲያ ዓረቡ ቤት ያለችው ልጅ ውልና የዕረፍት ቀን ይገባታል ብለን የተከራከርን ሰዎች፣ ያችው ልጅ ከእኛ ጓዳ ስትሆን ውሉ የት ሄደ? ፓስፖርቷን ነጠቋት ብለን የምንቆጣ ሰዎች፣ መታወቂያዋን ሳጥን ውስጥ የምንቆልፍላትስ «እንዳትጠፋ» ብለን አይደለም?

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የከተማዋ ባለ ዲግሪ ሴት ወደ ሥራ የወጣችው ወንዱ ወደ ጓዳ ስለገባ አልነበረም። ድሃ ልጃገረድ ስለገባች ነው። በ1992 የተሻረው አንቀጽ 646 በየቤታችን እስከ ዛሬ ይሠራል። አንዷ የምትወጣውን መሰላል ሌላዋ ትከሻዋ ላይ ተሸክማዋለች። እመቤትየዋን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው፤ እርሷ የተሰጣት በር ያ ብቻ ነው። በእመቤትና በሠራተኛ መካከል ያለው የየዕለቱ ንዝንዝ፣ «ወጡን አሳረረች፣ ስኳሩን ጨረሰች» የሚባለው ሁሉ፣ ሦስተኛው ሰው ሳሎን ተቀምጦ ዜና ስለሚያይ የሚመጣ ጠብ ነው። እርሱ ከጠቡ ውጭ ነው፤ እንዲያውም ይገላግላል!

«ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው እኮ ባህሉን የሚያስቀጥሉት፤ አማቲቱን አታይም?» ይባላል። አያለሁ። ወንድ ልጇ ሳህን ሲያነሣ «አንተ ተው፣ ሴት የለም ወይ እዚህ ቤት?» የምትለው እናት ናት። ዕድሜ ልኳን በነፃ የሠራችው ሥራ ዋጋ ያለው መሆኑን የሚያረጋግጥላት ብቸኛ ነገር ቀጣይዋ ሴትም እንደ እርሷ መሥራቷ ስለሆነ ነው። ደመወዝና ጡረታ ቢኖራት ኖሮ በምራቷ ወጥ ላይ ክብሯን አታስቀምጥም ነበር። ወደ አሜሪካ የሄዱትን እንይ፤ በዋሽንግተንና በሲያትል ስንቷ ኢትዮጵያዊት ነርስ ሆና የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ትገባለች። ሠራተኛ የሚቀጥር አቅም ስለሌለ ባልየው በግዱ ድስት ያውቃል፣ ልጅ ያጥባል፤ ሰማይም አልወደቀም። አዲስ አበባ ለዕረፍት ሲመጣ ግን ያው ሰውዬ ውኃ እንኳ ተነሥቶ አይቀዳም። ባህሉ ደሙ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አትላንቲክን ባልተሻገረ ነበር የማያሰኘው ለምንድን ነው? የሚያገለግለው ሰው ሲጠፋ ባህሉም ስለሚጠፋ ነው፤ አገልጋይ ሲገኝ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይመለሳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሴሚናር አይደለም። ሦስት ጊዜ ቃል የተገባው ደንብ ነው። በደንቡ ውስጥ የጽሑፍ ውል፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የሥራ ሰዓት ገደብ ይግባ። «ያን ያህል ከተጠየቅን ሠራተኛ መቅጠር አንችልም» የሚል ጩኸት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከሳሎኑ በኩል እንደሚነሣም አውቃለሁ። ይነሣ። ሠራተኛ ውድ በሆነችበት ቤት ባልየው ድስት መማሩ አይቀርም፤ ሚስቱም የመስክ ጉዞውን እሺ ማለት ትችላለች።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ አንቀጽ እንዳይረሳብኝ እፈልጋለሁ። በከተሞቻችን በየማታው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደብተር በፌስታል ይዘው ወደ ማታ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ልጃገረዶች አሉ። አብዛኞቹ ሰው ቤት ናቸው። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆሙትን ሃያ ዓመት ሞልቷቸው አምስተኛ ብለው ይጀምራሉ፤ አንዳንዷ ስምንተኛን፣ አንዳንዷ ዐሥረኛን ትደርሳለች፤ ጥቂቶቹ ነርስ ሆነዋል፣ ጥቂቶቹ መምህር። ይህ ሁሉ ግን በእመቤቲቱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንግዳ ከመጣ ዛሬ ትቀራለች። ፈተና ሳምንት ላይ ሕፃኑ ካመመው ትቀራለች። ቤት ከለወጠች አዲሷ እመቤት «ትምህርት የምትማር አልፈልግም» ትላታለች፤ ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ «አትማርም» ብሎ አስቀድሞ ይምልላታል። ደንቡ ይህን ሰዓት የእርሷ ያድርገው፦ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ማንም የማይነካው።